ለቤት ድምፅ መሣሪያ የሚሆነው ገመድ

የድምፅ መሣሪያዎችን የሚያገናኝ ገመድ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚታየው በውስጡ የሚያልፈው ሲግናል ነው። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያመነጨው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ነው። ከሲዲ ማጫወቻ፣ ከካሴት ቴፕ ወይም ከዲሽ ሪሲቨር ወደ አምፕሊፋየር የሚሄደው ከሩብ ቮልት እስከ ሁለት ቮልት ገደማ ይደርሳል። ከአምፕሊፋየር ወደ ስፒከር የሚወጣው ግን ብዙ ቮልት ያለውና ብርቱ ከረንት የሚሸከም ነው። ከዘመናዊ ቴሌቪዥን የሚወጣው ደግሞ ጭራሽ ሌላ ነው፤ ድምፁ በዜሮና በአንድ ተጽፎ በዲጂታል መልክ ይጓዛል። ደካማው ሲግናል መከላከያ በሌለው ገመድ ከሄደ ከአካባቢው የመብራት መስመር ጉምጉምታ ይለቅማል፤ ብርቱው በቀጭን ገመድ ከሄደ ኃይሉ መንገድ ላይ ይባክናል። የገመዱ ርዝመትና የጫፎቹ ዓይነት ከዚህ ቀጥለው ይታያሉ። ዋጋ የመጨረሻው ነው፤ ሆኖም ብዙ ሰው ገበያ ሲወጣ የሚጀምረው ከእሱ ነው።

ለምሳሌ ከአትላንታ ሰሜን ምሥራቅ፣ በጆርጂያ ዲካልብ ካውንቲ የምትገኘውን ታከርን እንውሰድ። በእሷና በአጎራባቿ ክላርክስተን፣ እንዲሁም በዙሪያው ባሉ ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በአካባቢው ባለ አንድ ፎቅ የጡብ ቤት ብዙ ነው፤ ከሥሩ ቤዝመንት ያለውም ጥቂት አይደለም። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥንና ሳውንድባር ይኖራል። ቤዝመንቱ ለገና፣ ለልደትና ለምርቃት ድግስ ስለሚውል ትልልቅ ስፒከሮች ይቆሙበታል። አንዳንዱ ቤት ደግሞ ከአገር ቤት የመጣ ወይም እዚህ የተገዛ የድሮ ሸክላ በጥንቃቄ ተቀምጦ ይገኛል። በዚህ ምክንያት አንድ ቤት ውስጥ አራቱም ዓይነት ሲግናል ሊኖር ይችላል፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ገመድ ግን የለም።

ከሁሉም በፊት ቴሌቪዥኑ ይታይ፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው በእሱ ነው። ዛሬ የሚሸጡት ቴሌቪዥኖች ስስ ስለሆኑ ስፒከራቸው ትንሽ ነው፣ ፊቱም ወደ ታች ወይም ወደ ኋላ የዞረ ነው። ሙዚቃውን ባያበላሽ እንኳ ንግግሩን ያደበዝዘዋል። ዩቲዩብ ላይ ስብከት ወይም ድራማ የሚከታተሉ አዛውንቶች «አይሰማም» የሚሉት ብዙ ጊዜ ከጆሯቸው ሳይሆን ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው ሳውንድባር ወይም አምፕሊፋየር ነው። ከቴሌቪዥኑ ጋር ለማገናኘት የሚመረጠውም የኤች.ዲ.ኤም.አይ ገመድ ነው፤ ነገር ግን የትም ቀዳዳ ላይ አይሰካም። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ካሉት የኤች.ዲ.ኤም.አይ ቀዳዳዎች አንዱ ብቻ «ኤ.አር.ሲ» ወይም «ኢ.ኤ.አር.ሲ» የሚል ጽሑፍ አለው። ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ ውጭ የሚወጣው በዚያ ብቻ ነው። ሌሎቹ የሚቀበሉ እንጂ የሚሰጡ አይደሉም፤ ገመዱ እነሱ ላይ ከተሰካ ምንም ያህል ውድ ቢሆን ሳውንድባሩ ዝም ይላል።

ኤ.አር.ሲ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤች.ዲ.ኤም.አይ 1.4 ጋር ነው፤ የተሻሻለው ኢ.ኤ.አር.ሲ ደግሞ በ2017 ከ2.1 ጋር። ልዩነቱ ኢ.ኤ.አር.ሲ ያልተጨመቀ ባለ ብዙ ቻናል ድምፅ ማሳለፍ መቻሉ ነው። ይህ የሚጠቅመው ዙሪያውን ስፒከር ደርድሮ ፊልም ለሚያይ ሰው ነው። የአማርኛ ዝግጅት በአብዛኛው በሁለት ቻናል ስቴሪዮ የሚመጣ ስለሆነ ኤ.አር.ሲ ይበቃዋል፤ ተራ «ሃይ ስፒድ» ገመድም እንዲሁ። «አልትራ ሃይ ስፒድ» የሚባለው በሴኮንድ 48 ጊጋቢት የሚያሳልፈው ገመድ ለከፍተኛ ጥራት ምስል የተሠራ ነው። በሁለት ሜትር ርቀት ሳውንድባር ለማገናኘት እሱን መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ኤ.አር.ሲ ሌላም ጥቅም አለው። በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ «ሲ.ኢ.ሲ» የሚባለው አማራጭ ከተከፈተ የቴሌቪዥኑ ሪሞት የሳውንድባሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ሲ.ኢ.ሲን እያንዳንዱ አምራች በራሱ ስም ስለሚጠራው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ መፈለግ ያስፈልጋል። ከአገር ቤት ለጥየቃ የመጡ እናትና አባት ቀን ቀን ብቻቸውን በሚውሉበት ቤት፣ አንድ ሪሞት ብቻ መኖሩ ቴሌቪዥኑን ከፍተው መስማታቸውን ወይም ዘግተውት መዋላቸውን ይወስናል።

ቴሌቪዥኑ ወይም ሳውንድባሩ የቆየ ከሆነ ሁለተኛው ምርጫ ኦፕቲካል ገመድ ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ይህ ገመድ ኤሌክትሪክ ሳይሆን ብርሃን ያስተላልፋል፤ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ጫፉ ቢታይ ቀይ ብርሃን ይወጣበታል። አዲስ ገመድ ጫፎቹ ላይ ትንንሽ የፕላስቲክ ክዳን አለው። ሳይወልቅ ቀርቶ «አልገባ አለ» ተብሎ ገመዱ የሚመለስበት ጊዜ ትንሽ አይደለም። ጫፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይገባል፤ መግፋት ሳይሆን ማዞር ነው የሚያስፈልገው። ገመዱ በግድግዳ ጥግ ላይ እጥፍ ተደርጎ እንዳይታጠፍና ከአምስት ሜትር ብዙ እንዳይርቅ ይመከራል። ከኦፕቲካል የወጣው ድምፅ ሳይሰማ ከቀረ፣ ገመድ ከመቀየር በፊት የቴሌቪዥኑን የድምፅ ማስተካከያ «ፒ.ሲ.ኤም» ወደሚለው መለወጥ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል። ድሮ የተገዛ አምፕሊፋየር ያለው ሰውም አይጣለው፤ ከኦፕቲካል ወደ አር.ሲ.ኤ (ቀይና ነጩ ገመድ) የምትቀይር ትንሽ ሣጥን በመካከል ብትገባ ዛሬም ያገለግላል። ለእሷም ያው ፒ.ሲ.ኤም ያስፈልጋታል።

ብርቱካናማ ቀለም ያለው ዲጂታል ኮአክሲያል የሚባለው ቀዳዳ ቅርጹ ከአር.ሲ.ኤ አይለይም። የሚፈልገው 75 ኦም ገመድ ነው። ከድሮ ዲሽ ሪሲቨር ጋር የመጣው ባለ ሦስት ቀለም ገመድ ቤት ውስጥ ካለ፣ የምስሉ ቢጫ ዘንግ ለ75 ኦም የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ሥራ ይውላል።

ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው የአር.ሲ.ኤ ገመድ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካወጣው የአሜሪካ የሬዲዮ ኩባንያ ነው፤ እስካሁንም ከቤት አልወጣም። ቀዩ ለቀኝ፣ ነጩ ለግራ ነው። በውስጡ ድምፁን የሚሸከም አንድ ሽቦ አለ፤ በዙሪያው የተጠለፈው የሽቦ መረብ ደግሞ ጉምጉምታ እንዳይገባ ይከላከላል፣ ለሲግናሉም መመለሻ ይሆናል። በርካሽ ገመድ ላይ የሚቀነሰው ይኸው መረብ ነው። እስከ ሦስት ሜትር ድረስ ጥሩ መረብ ያለው ማንኛውም አር.ሲ.ኤ ሥራውን ይሠራል። ከሳሎን እስከ ቤዝመንት አሥራ አምስት ሜትር መዘርጋት ግን የዚህ ገመድ ሥራ አይደለም።

ለዚያ ያህል ርቀት የሚሆነው ኤክስ.ኤል.አር ነው፤ በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየአዳራሹ ማይክ ላይ የሚታየው ባለ ሦስት እግር ገመድ። አንዱን ድምፅ በሁለት ሽቦ፣ አንዱን ቀጥ አድርጎ ሌላውን ገልብጦ ይልካል። ተቀባዩ መሣሪያ አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። መንገድ ላይ የገባው ጉምጉምታ በሁለቱም ሽቦ ላይ እኩል ስለሚያርፍ በቅነሳው ይጠፋል፤ የተገለበጠው ድምፅ ግን ይደመራል። 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ባለ ሁለት ቀለበት ጃክም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ይህንን ማወቅ በቤዝመንት ድግስ ላይ ደጋግሞ የሚታየውን አንድ ችግር ይፈታል። ስልክ ከትልቅ ስፒከር ጋር ሲያያዝ አንድ ሰው ከስልኩ 3.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ገመድ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ባለ ሁለት ቀለበት 6.35 አዳፕተር ይሰካል፣ ያንን በስፒከሩ ጀርባ ያስገባል። ሙዚቃው ይጀምራል፤ ግን ዘፋኙ የለም። ኪቦርዱና ጊታሩ ከሩቅ ይሰማሉ፣ ማሚቶው ይሰማል፣ ድምፃዊው ጠፍቷል። ስልኩ ተበላሽቷል፣ ስፒከሩ ተቃጥሏል ይባላል። ሁለቱም ደህና ናቸው። ስቴሪዮ ጃኩ በአንዱ ሽቦ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን ይልካል፤ የስፒከሩ መግቢያ ግን አንዱን ከሌላው ይቀንሳል። ዘፋኙ በሁለቱም ላይ እኩል ስለተቀዳ በቅነሳው ዜሮ ይሆናል። የተጫወተው እ.ኤ.አ. የ1960ዎቹና የ70ዎቹ የሞኖ ቅጂ ከሆነ ግራና ቀኙ አንድ ስለሆነ ከናካቴው ምንም ሊሰማ አይችልም። የሚያስፈልገው በአንድ ጫፍ 3.5 ስቴሪዮ፣ በሌላው ጫፍ ሁለት ባለ አንድ ቀለበት 6.35 ጃክ ያለው ገመድ ነው፤ ግራው ለአንዱ ስፒከር፣ ቀኙ ለሌላው። ስልኩ ይህ ቀዳዳ ከሌለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2016ቱ አይፎን 7 ወዲህ ብዙዎቹ የላቸውም፣ ትንሽ አዳፕተር ይጨመራል። ብሉቱዝም ለሙዚቃ ይሆናል፤ ከምስል ጋር ሲሆን ግን ድምፁ ዘግይቶ ከንፈርና ቃል እንዳይገጥም ሊያደርግ ይችላል።

የሸክላ ነገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ውስጥ በመሠረተው አምሐ ሬከርድስ፣ በኋላም በካይፋ ሬከርድስ የታተሙት ሸክላዎች ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚፈለጉ ናቸው፤ ከዚያም በላይ የአንድ ዘመን የሙዚቃ ቅርስ ናቸው። እነሱን በማይሆን ገመድ ማጫወት ያሳዝናል። የመርፌው ሲግናል ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ከመሆኑም ሌላ፣ ሸክላ ሲታተም ዝቅተኛው ድምፅ ተቀንሶ፣ ከፍተኛው ተጨምሮ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መላው ዓለም እየተቀበለው የመጣው አር.አይ.ኤ.ኤ የተባለ መለኪያ አለ፤ ፎኖ ፕሪአምፕ የሚባለው መሣሪያ በእሱ መሠረት ድምፁን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ማጫወቻው አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» ከሚለው ቀዳዳ ውጭ ከተሰካ ድምፁ የሣሣ፣ ባስ የሌለው ይሆናል። አንዳንድ አዲስ ማጫወቻ ፕሪአምፑን በውስጡ ይዞ፣ «ፎኖ» እና «ላይን» የሚል መቀያየሪያ ከጀርባው አለው። መቀያየሪያው «ላይን» ላይ ሆኖ ገመዱ «ፎኖ» ውስጥ ከገባ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጎላና ይሰነጠቃል።

የሸክላ ማጫወቻ የአር.ሲ.ኤ ገመድ አጭርና ጥሩ መረብ ያለው ይሁን። ከአንድ ሜትር ተኩል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ረጅም ገመድ የከፍተኛውን ድምፅ ጥራት ይለውጣል። ከሁለቱ ዘንጎች ጎን የምትወርድ ቀጭን የግራውንድ ሽቦ አለች፤ አምፕሊፋየሩ ላይ ካለችው ቡሎን ጋር መታሰር አለባት። ብዙ ሰው ጥቅሟን ባለማወቅ ይተዋታል፤ ስፒከሩ የሚያጉረመርመው ግን በእሷ መለቀቅ ነው።

ወደ ስፒከር ገመድ ሲመጣ ለውጥ የሚያመጣው ውፍረት ነው። ማንኛውም ሽቦ ኤሌክትሪክን በመጠኑ ይገታል፤ ይህ ሬዚስታንስ ይባላል፣ መለኪያው ኦም ነው። የስፒከሩ ኦም ከጀርባው ተጽፎ ይገኛል፤ በብዛት 8፣ አንዳንዴም 4 ወይም 6። የገመዱ ሬዚስታንስ፣ መሄጃና መመለሻው ተደምሮ፣ ከስፒከሩ 5 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ መመሪያ ነው። በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት የሚለካው በጌጅ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል። ባለ 16 ጌጅ የመዳብ ገመድ ለ8 ኦም ስፒከር እስከ 50 ጫማ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ ለ4 ኦም ግን ከ25 ጫማ ማለፍ የለበትም። ባለ 14 ጌጅ ለ8 ኦም ወደ 80 ጫማ፣ ለ4 ኦም ወደ 40 ጫማ ያደርሳል። ከዚያ ለሚረዝም ባለ 12 ጌጅ አለ። አዲስ አበባ ገበያ ላይ በካሬ ሚሊ ሜትር ስለሚለካ፣ 1.5 ከ16 ጌጅ በመጠኑ ይወፍራል፣ 2.5 ደግሞ ከ14 ጌጅ።

ከውፍረቱ ጋር መታየት ያለበት የሽቦው ማዕድን ነው። በርካሽ የሚሸጡ ብዙ ጥቅሎች ላይ «ሲ.ሲ.ኤ» የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ፤ አሉሚኒየም ሆኖ በመዳብ የተለበጠ ማለት ነው። ሲላጥ ጫፉ መዳብ ይመስላል፣ ቢላ ሲፋቀው ውስጡ ነጭ ይሆናል። ከንጹሕ መዳብ አንድ ጊዜ ተኩል ገደማ የሚበልጥ ሬዚስታንስ ስላለው ባለ 16 ጌጁ የሚሠራው የባለ 18ቱን ያህል ነው። ለአጭር ርቀት ወፍራሙን መርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ሲታጠፍ ግን ቶሎ ይሰበራል። «ኦክስጅን የሌለው መዳብ» የሚለው ጽሑፍ ከተራው የኤሌክትሪክ መዳብ ያለው ብልጫ አንድ በመቶ ቢሆን ነው፤ ለእሱ እጥፍ መክፈል አይገባም።

ሽቦው ሲላጥ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። አንዲት ቀጭን ክር ተፈትላ ወጥታ ቀይና ጥቁሩን ካገናኘች አምፕሊፋየሩን ልታቃጥለው ትችላለች፤ ስለዚህ ክሮቹን አጥብቆ መጠምዘዝ ወይም ባናና ጃክ መግጠም ይሻላል። ከሁለቱ ሽቦዎች አንዱ መስመር፣ ጽሑፍ ወይም ሸንተረር አለው። እሱ በሁለቱም ጫፍ ወደ ቀይ ከገባ ተሳስቶ የመግጠም ዕድል አይኖርም። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ የከበሮው ጉልበት ይሟሽሻል፣ ዘፋኙም ከመሐል ሆኖ መሰማቱ ቀርቶ በክፍሉ ውስጥ ይበተናል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ስፒከሩን ደካማ ብሎ ይሸጠዋል።

ገመዱ በግድግዳ ውስጥ ወይም ከቤዝመንቱ ጣሪያ በላይ የሚያልፍ ከሆነ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ «ሲ.ኤል.2» ወይም «ሲ.ኤል.3» የሚል ምልክት ያለበትን ይጠይቃል። ልባሱ እሳት በቀላሉ እንዳያዛምት የተሠራ ነው። ይህ የድምፅ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ እዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም።

ሁሉም በትክክል ተያይዞ ከስፒከሩ የማያቋርጥ ወፍራም ጉምጉምታ ሲወጣ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው ሁለት መሣሪያዎች በተለያየ መንገድ ከመሬት ጋር መገናኘታቸው ነው። አምፕሊፋየሩ ግራውንድ የሚያገኘው በግድግዳው ሶኬት ነው፤ የኬብል ቴሌቪዥን ሣጥኑ ደግሞ ከውጭ በሚገባው መስመር። በሁለቱ መካከል በድምፅ ገመዱ በኩል የመብራቱ ከረንት ይዞራል፤ በአሜሪካ የሚሰማው 60 ኸርዝና እጥፉ ነው። የሦስተኛዋን የሶኬት እግር ቆርጦ ጉምጉምታውን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ፈጽሞ መደረግ የለበትም። መሣሪያው ውስጥ ብልሽት ቢፈጠር ሰውን ከሞት የምታድነው እሷ ናት። ሁለቱን ከአንድ ማከፋፈያ መሰካት ይሞከር፤ ካልሆነ በኦፕቲካል ማገናኘት ይፈታዋል፣ ብርሃን ኤሌክትሪክ አያሳልፍምና። በጆርጂያ በበጋ መብረቅ የተለመደ ነው። ኦፕቲካል ገመድ ጉዳት ከአንዱ መሣሪያ ወደ ሌላው እንዳይሻገር በኩሉ ይረዳል፤ ነጎድጓድ ሲቃረብ ግን ሶኬቱን መንቀል ከሁሉ ይበልጣል።

በሻጮች ዘንድ የሚነገረው የወርቅ ልባስ አንድ እውነት አለው፤ ወርቅ አይዝግም። እርጥበት ባለው ቤዝመንት ውስጥ ለዓመታት ሳይነቀል ለሚቀመጥ ጫፍ ይጠቅማል። ድምፅን ግን አያሳምርም። በዲጂታል ገመድ ላይ ደግሞ «ጥርት ያለ ድምፅ» የሚለው ሙገሳ መሠረት የለውም። ዜሮና አንዱ ከደረሰ ድምፁ ሙሉ ነው፤ ካልደረሰ ይቆራረጣል ወይም ይጠፋል። የተረፈው ገንዘብ የተሻለ ስፒከር መግዣ ይሁን፤ ድምፅ የሚለወጠው በእሱ ነው።

ዕቃው ወደ አገር ቤት የሚላክ ከሆነ እስካሁን የተነሡት የድምፅ ገመዶች ሁሉ ያለ ለውጥ ያገለግላሉ። የሚለወጠው መብራቱ ነው፤ የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ከጀርባው «100-240» የሚል የተጻፈበት ዕቃ የሚፈልገው የሶኬት አዳፕተር ብቻ ነው። «120» ብቻ የሚለው ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ይቃጠላል። የድሮ የሸክላ ማጫወቻ ግን ትራንስፎርመርም ላያድነው ይችላል። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀንስም፤ ሞተሩ ፍጥነቱን ከመብራቱ የሚቆጥር ዓይነት ከሆነ በ50 ኸርዝ የፍጥነቱን ከስድስት አምስት እጁን ብቻ ይሽከረከራል። በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ያህል ይዞራል፤ ዘፋኙም ወፍራምና ዘገምተኛ ሆኖ ይሰማል። እንዲህ ያለው ማጫወቻ ለ50 ኸርዝ የተሠራ መዘውር ይፈልጋል፤ በዲሲ ሞተር የሚሠራው ግን ቮልቱ ከተስተካከለለት በልኩ ይዞራል።